የአባት ስም የሚሞላበት ቦታ

እኔ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መሥራት አልወድም። እናቴ ይህን ስንፍና ትለዋለች፤ እኔ ሥርዓት እለዋለሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ የአጫጭር ሙያዎች ማሠልጠኛ መዝገብ ክፍል ስቀጠር ግን ሥራዬ ሁሉ አንዱን ነገር ደጋግሞ መሥራት ሆኖ አረፈው። ሠልጣኝ በተመረቀ ቁጥር ሰርተፍኬት ይታተማል፣ ስም በእጅ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ ፊርማ ይለመናል። የእጅ ጽሑፋቸው የሚያምር አንድ አዛውንት መምህር ነበሩን፤ ስም የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። አንዲት ፊደል ከሳቱ ወረቀቱ ይቀደድና እንደገና ይጀመራል። ተመራቂው ደግሞ ያንን ሁሉ የተደከመበትን ወረቀት ይወስድና በዓመቱ “ክረምት ጣሪያው አፍስሶ አበላሸብኝ” ብሎ ይመለሳል። እኔም ፊቴን አጥቁሬ ሌላ አስጽፍለታለሁ።

ስለዚህ ዲጂታል ሰርተፍኬት የመጣ ጊዜ ከግቢው ሰው ሁሉ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ነገሩ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ቴምፕሌት ይሠራል። ቴምፕሌት ማለት ሁሉ ነገሩ አልቆ የተቀመጠ፣ ከሰው ሰው የሚለያየው ብቻ ባዶ ሳጥን የሆነ ሰርተፍኬት ነው። የማሠልጠኛው ዓርማ፣ የሙያው ስም፣ ሠልጣኙ ምን ምን መሥራት እንደሚችል፣ የኃላፊው ፊርማ አንድ ጊዜ ይገባል። ከዚያ የስም ዝርዝሩን ሲሰጡት ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ በየስልኩ ይልካል። ሠልጣኙ “ተቀብያለሁ” የሚለውን ሲጫን ሰርተፍኬቱ ሥራ ይጀምራል፤ ቀጣሪው ጥግ ላይ ያለችውን ባለነጠብጣብ አራት ማዕዘን በስልኩ ካሜራ ሲያነባት እውነተኛ መሆኑን ያያል። ጣሪያ ቢያፈስ አይበላሽ፣ ማኅተም አስመስሎ የሚቀርጽ አይደርስበት። የመጀመሪያውን ቴምፕሌት የጨረስኩ ቀን ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ አንድ ሙሉ ጠዋት ሳየው አረፈድኩ።

በአንደኛው ዓመት ግን ልኬን አሳይቶኛል። የጸጉር ሥራ ሠልጣኞች ተመርቀው ከሄዱ በኋላ የንብ ማነብ ሠልጣኞች ደረሱ። አዲስ ከምሠራ ብዬ የጸጉር ሥራውን ቴምፕሌት ከፈትኩ፣ የሙያውን ስም ቀየርኩና አስቀመጥኩት። ለካ ቴምፕሌቱ ሲቀየር ቀድሞ ከእሱ የወጣው ሰርተፍኬት ሁሉ አብሮ ይቀየራል። በማግስቱ ከጠዳ አንዲት ልጅ ደወለች። ጸጉር ቤት ልትቀጠር ሄዳ ባለቤቲቱ ሰርተፍኬቷን በስልክ ብታየው ንብ አናቢ ናት ይላል።

“እትዬ፣ እኔ እኮ ንብ እፈራለሁ” አለችኝ፣ እንባዋ እየተናነቃት።

ይቅር ይበለኝና ሳቄ አመለጠኝ። ሌሎቹም ቀኑን ሙሉ ሲደውሉልኝ ዋሉ፤ አንዷማ ማር አለሽ ወይ እየተባለች ተቀልዶባታል። ከዚያ ወዲህ ሰርተፍኬት የወጣበትን ቴምፕሌት አልነካም። ቅጂ አወጣለሁ፣ ለቅጂው ተራ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ አሮጌውን እቆልፈዋለሁ። አዲስ የሚገቡ ባልደረቦቼን በዚህ ነገር ስለምጨቀጭቃቸው ከኋላዬ “የቁልፍ እመቤት” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቅር አይለኝም።

ያላሸነፍኩት ነገር ስም ነበር። አንዱ ሠልጣኝ ትምህርት ቤት ሌላ፣ መታወቂያው ላይ ሌላ ሆኖ ይመጣል። በደጋው አገር ልጅ ባሳደገው ሰው ስም መጠራቱ ብርቅ አይደለም። አጎት ያሳደገው በአጎቱ፣ አያት ያሳደገው በአያቱ ይጠራል፤ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ተመዝግቦ ይቀጥላል። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም። እኛ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ በጎንደር ገበያ በጨርቅ ንግድ የኖርን ሙስሊሞች ነን፤ በሃይማኖታችንም ልጅ የሚጠራው በወለደው አባቱ ነው። እናቴ የሟች እህቷን ልጅ አሳድጋለች። ልጅቱ እንደ እኔው ተቆንጥጣ፣ እንደ እኔው ተሞላቅቃ አደገች፤ ስሟ ግን እስከ ዛሬ ከሟቹ አባቷ ስም ጋር ነው። ማንም በዚህ ሲከፋው አይቼ አላውቅም። እናም የሠልጣኞቹ የስም ነገር ዝርክርክነት ብቻ ሆኖ ይታየኝ ነበር።

ዲጂታል መታወቂያው ሲስፋፋ መላ አገኘሁ። በቴምፕሌቱ ላይ ያሉትን የስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ሳጥኖች ከመታወቂያው ጋር አያያዝኳቸውና ቆለፍኳቸው። ከእንግዲህ ስም የሚጽፍ ሰው የለም፤ መታወቂያው ላይ ያለው በቀጥታ ይገባል፤ ቀጣሪውም ሰርተፍኬቱን ሲያነበው ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆኑን ያያል። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ። ሌሎች ማሠልጠኛዎችም ቴምፕሌቱን ወሰዱት። ኩራቴ እስከ አፍንጫዬ ደረሰ።

ያቺ ልጅ የመጣችው ከምርቃቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ስህተት ካለ እንዲነግሩን፣ ከሌለ እንዲቀበሉ የሰርተፍኬቱን ናሙና ለሠልጣኞቹ በላክንበት ቀን ነው። ከደባርቅ አለፍ ካለ ደጋ የመጣች፣ ሶላር ተከላና ጥገና የምትማር ልጅ ናት። ሌሎቹ ገመድ ሲፈቱ እሷ ገጥማ ጨርሳ የምትቀመጥ፣ መምህሮቿ የሚመኩባት ነበረች። ለጤና ኬላዎች የክትባት ማቀዝቀዣ በሶላር የሚያስገጥም አንድ ድርጅት በቃል ፈትኖ አልፈሻል ብሏታል። የቀራት ሰርተፍኬቷን ማሳየት ብቻ ነው፤ ለዚያም ከምርቃቱ ቀጥሎ ያለው ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነበር።

“እትዬ፣ እንደምን ዋሉ” አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። “ስሜን ያስተካክሉልኛል ብየ ነበር የመጣሁ።”

“ምኑ ተሳሳተ?”

“የአባቴ ስም።”

መዝገቡን ከፍቼ አየሁት። ሰርተፍኬቱም መታወቂያውም አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞርኩላት። “ይኸው፤ መታወቂያሽ ላይ ያለው ነው።”

“መታወቂያው ላይ መኖሩንማ አውቃለሁ። መታወቂያ ኪስ ውስጥ ነው የሚኖር። ይኼ ግን ሰው ፊት ነው የሚነበብ።”

ተቀመጪ አልኳት፤ ተቀመጠች። የወለዳት አባት እሷ በእናቷ ሆድ እያለች ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ ሳንጃ ቆላ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። እናቷ ሌላ ባል ስታገባ እሷ ገና ጡት አልጣለችም። አያ የምትለው እኚህን የእናቷን ባል ነው።

“አንደኛ ክፍል ስገባ መምህሩ የአባትሽ ስም ማን ነው አለኝ” አለች። “እኔ የማውቀው አንድ ሰው ነው። እሱን ጠራሁ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሱ ስም ተማርሁ። መታወቂያ ሲወጣ ቀበሌ ካለው የቤተሰብ መዝገብ ገልብጠው ይኼን ስም አመጡብኝ። ለምርቃቴ አያ ይመጣል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሐሙስ ይነሳል። ስሙ ሲጠራ ይስማ ብየ ነው የጠራሁት። እንዴት አድርጌ የዚያን ሰው ስም አሰማዋለሁ?”

በምርቃት ቀን እያንዳንዱ ሰርተፍኬት በትልቁ ስክሪን ይታያል፤ አስተዋዋቂው የሚያነበው ከዚያ ነው። ይህን ሁሉ ያደራጀሁት እኔ ነኝ።

አስረዳኋት። ሳጥኑ የተቆለፈ መሆኑን፣ ብከፍተው ድርጅቱ ሲያነበው ከመታወቂያዋ ጋር እንደማይገጥም፣ ሥራውን ራሷ እንደምታበላሸው ነገርኳት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ስምና መዝገብ ሲነካብኝ ትዕግሥት የለኝም፤ ቀጠልኩ።

“ደግሞስ የእኔ እህት፣ ይህ ሰርተፍኬት ነው። ማን እንደሚወድሽ አይደለም የሚናገረው።”

ተነሣች።

“እሽ። እንግዲያው አልቀበለውም” አለችና ናሙናውን ከስልኳ ዘግታ ወጣች። በሩን እንኳን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ሁለት ቀን ሙሉ ተናድጄባት ዋልኩ። “ተቀብያለሁ” የሚለውን ካልተጫነች ሰርተፍኬቱ አይሠራም፤ ካልሠራ ሰኞ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ሰው ይፈልገዋል! በዝርዝሬ ላይ የተቀበሉት ስማቸው አረንጓዴ፣ ያልተቀበሉት ግራጫ ሆኖ ይታየኛል። አንድ በአንድ ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ። የእሷ ግራጫ ነው። ሻይ ልጠጣ ወጥቼ እመለሳለሁ፣ ግራጫ ነው። ስልክ አስደወልኩላት፤ “አመሰግናለሁ፣ ወስኛለሁ” አለች አሉኝ። እልኸኛ አልኳት በሆዴ፤ ከእኔ በላይ እልኸኛ ሰው ማየት አልለመድኩም።

በሦስተኛው ቀን ለምሳ እናቴ ሱቅ ሄድኩ። እናቴ በእርጅናዋም ሱቁን አልተወችም፤ ከጣቃ አቡጀዴው ኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ክንዷን ዘርግታ ጨርቅ ትለካለች፣ ደንበኛ ትቆጣለች፣ ይመችሻል ትላለች። የያዘችልኝን ምሳ እየበላሁ የልጅቱን ነገር አወራኋት። እንድትፈርድልኝ ነበር።

“ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?” አልኳት። “የወለዳት እሱ ነው። እኛስ ያሳደግናትን ልጅ መቼ ስሟን ቀየርንባት? ምን ጎደለባት?”

“ምንም አልጎደለባት” አለች እናቴ፣ ጨርቁን እያጠፈች።

“አየሽ!”

“አልሐምዱሊላህ፣ ስሟ የአባቷ ነው። እንደዚያው ነው የሚገባው።” ሳቅ አለች። “የሠርጓ ካርድ ላይ ግን አልነበርኩም እኮ።”

አልገባኝም። “የምን ካርድ?”

“የጥሪው ካርድ ነዋ። ካርዱ ሲመጣ ለአንዲት ገበያተኛ ሰጥቼ አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። የሟቹ የእገሌ ልጅ ትላለች፣ የአጎትየውን ስም ትጠራለች፤ የእኔ የለም። ዘልላው ይሆናል ብዬ ለሌላው ሰጠሁት። እሱም የለም አለ። ሦስተኛዋ ልጅ ደግሞ የተማረች ናት፤ እሷም አላገኘችውም። ‘ሐጂያ፣ ምንድን ነው የሚፈልጉት?’ አለችኝ። ምንም፣ ሠርጉ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው አልኳት።”

ይህን ስትናገር እየሳቀች ነው። እኔ ግን እጄን ከምሳው አነሳሁ። ያንን ካርድ ማተሚያ ቤት ሄጄ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤቱ የተዘጋጀ ቅርጽ ነበረው፤ የአባት ስም፣ የጠሪው ስም፣ ቀኑ፣ አዳራሹ። ባዶውን ሞላሁ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጀርባዋ አዝላ ጨርቅ ስትለካ የኖረችው እናቴ የምትገባበት ቦታ አልነበረውም፤ እኔም ቦታ የለም ብዬ እንኳን አላሰብኩም።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት።

“ምን ብዬ? ስሜን ጻፊልኝ ብዬ?” አለችና ደንበኛ ሲገባ ተነሣች።

አለቀስኩ። የአርባ ምናምን ዓመት ሴት፣ በገበያ መካከል፣ የእናቴ አቡጀዴ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ደንበኛዋ ዘመድ የሞተብኝ መስሏት አላህ ያጽናሽ አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቼ ቴምፕሌቱን ከፈትኩት። የተቆለፉትን ሳጥኖች አልነካም፤ እነሱ ትክክል ናቸው፣ ዛሬም ትክክል ናቸው እላለሁ። ግን ከታች፣ ከፊርማው በላይ፣ ተጨማሪ መግለጫ የሚባል አንድ መስመር አለ። ምንም ተጽፎበት አያውቅም። ቀጣሪው ሰርተፍኬቱን ሲያነብ ከመታወቂያው ጋር የሚያስተያየው ስሞቹን ብቻ ነው፤ ይህን መስመር ያሳየዋል እንጂ አያመሳክረውም። በእኔ ቴምፕሌት ላይ ለዓመታት ባዶውን የኖረ ቦታ ነው። ቅጂ አወጣሁ፣ አዲስ ቁጥር ሰጠሁት፤ መስመሩ ላይ “ለዚህ ያበቁኝ” ብዬ ጻፍኩና ፊት ለፊቱ ባዶ ሳጥን አደረግኩ። “አሳዳጊ” ልለው አስቤ ነበር፤ እናት አባት የሌለው ብቻ የሚሞላው መሰለኝና ተውኩት።

ኃላፊያችን አልወደዱትም።

“ለአንድ ልጅ ብለሽ ሁሉንም ልትቀይሪ ነው?”

“ለአንድ ልጅ ብቻ ካደረግኩት ይታወቅባታል።”

“ሌሎቹ ማሠልጠኛዎችስ? ቴምፕሌቱን ከእኛ ነው የወሰዱት።”

“የእነሱ አሮጌው ነው፤ አይነካባቸውም። ከፈለጉ አዲሱን ይወስዳሉ።”

“ደግሞ ይሄ ሕዝብ ቦታ ካገኘ የዘር ሐረጉን በሙሉ ነው የሚያሰፍርበት።”

ይህ እውነት ነበር። አርባ ፊደል ብቻ እንዲገባበት ወሰንኩ፤ አንድ ሰው፣ አንድ መስመር። እሳቸውም ብዙ ካጉረመረሙ በኋላ ፈቀዱ። ወጥቼ ስሄድ ከኋላዬ ጠርተው “እኔን ያሳደገችኝ እህቴ ናት” አሉኝና መልሰው ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ።

ለሁሉም ሠልጣኝ አንድ አጭር መልእክት ላክን። ሰርተፍኬታችሁ ላይ አዲስ መስመር ስለተጨመረ፣ ለዚህ ያበቃችሁን አንድ ሰው ስም ሞልታችሁ እንደገና ተቀበሉ የሚል ነው። ያልፈለገ ባዶውን ሊተወው ይችላል። ጥቂቶች ብቻ ይሞሉታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እስከ ማግስቱ ድረስ ከአንዷ በቀር ባዶ የቀረ አንድም አልነበረም። አብዛኛው እናቱን ጻፈ። አንዷ አዘዞ ያከራየቻትን ሴትዮ ጻፈች። አንድ የቆላ ድባ ልጅ ታላቅ ወንድሙን ከነማዕረጉ ከነአያት ቅድመ አያቱ ጽፎ፣ አርባ ፊደል አልበቃው ብሎ የወንድሙ ስም መሃል ላይ ተቆረጠበትና ደውሎ ተጨቃጨቀኝ። አንዱ “እኔው ራሴ” ብሎ ጻፈ። ይሄን ኃላፊው አጥፊው ቢሉኝም አላጠፋሁትም፤ ማን ያውቃል፣ እውነቱን ይሆናል።

ግራጫዋ ስም ግን ግራጫ እንደሆነች ነው። መልእክቱን እንዳየችው ይታየኛል፤ አልሞላችም። ልደውልላት ስልኩን አነሳሁና ያንን የተናገርኳትን ነገር አስታውሼ አፈርኩ። በመጨረሻ በራሴ ስልክ ጻፍኩላት። “እኔ ነኝ የመዝገብ ቤቷ። ያን ቀን የተናገርኩሽ ልክ አልነበረም። ይቅርታ አድርጊልኝ። የላይኛውን ስም መቀየር አልችልም፤ የታችኛውን ግን አንቺ ነሽ የምትጽፊው፤ አብሮ ይነበባል።” ይቅርታ መጻፍ ስለማላውቅበት ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት።

መልስ አልጻፈችልኝም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዝርዝሩን ብከፍተው አረንጓዴ ሆናለች።

አያ ቅዳሜ ጠዋት ከልጃቸው ጋር አዳራሹ ገቡ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ ከካኪ ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ከኋላ ረድፍ ተቀመጡ። እኔ ስክሪኑን የሚነዳው ኮምፒውተር ጋ ስለነበርኩ ፊታቸው ይታየኛል። የልጅቱ ተራ ደረሰ። አስተዋዋቂው ስሟን አነበበ፣ የዚያን የጠፋውን ሰው ስም አነበበ። አያ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። አልተከፉም፤ አንገታቸውን ዝቅ ከፍ አደረጉ፣ የሚያውቁትን ወሬ እንደሚሰማ ሰው። ከዚያ “ለዚህ ያበቁኝ” ተብሎ የራሳቸው ስም ሲጠራ በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ያለ መስሏቸው ግራ ቀኛቸውን ተመለከቱ። ልጅቱ መድረክ ላይ ቆማ በእጇ ወደ እሳቸው አመለከተች፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እሳቸው ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስላላወቁ ለአዳራሹ ሁሉ እጅ ነሡ።

እኔም ሥራዬ ያማረ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቢሮዬ ገባሁ።

ብዙም ሳልቆይ በሩ ተንኳኳ። አያ ናቸው፤ ብቻቸውን። ልጅቱ መናኸሪያ ሄዳ ወንበር እስክትይዝ እዚህ ይጠብቁኝ ብላቸዋለች። ስልኳን ትታላቸው ኖሮ ከኪሳቸው በጥንቃቄ አወጡት።

“ልጄ፣ ይኼን ወረቀት ያበጀሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። እስቲ አሳይኝ፣ ስሙ የቱ ጋ ነው ያለ?”

ሰርተፍኬቱን ከፈትኩላቸው። ይህ የእሷ ስም ነው፣ ይህ የአባት ስም ነው፣ እርስዎ ከታች እዚህ ነዎት አልኳቸው። እሳቸው ግን ጣታቸውን የላይኛው ስም አጠገብ አድርገው ቆዩ።

“ይኼን ስም ሌላም ሰው በስልኩ ያየዋል?”

“ያየዋል፣ አያ። የፈለገ ሁሉ።”

“ሳንጃም ያለ ሰው? መተማም ያለ?”

“የትም ያለ።”

“ሸጋ” አሉ። “ሸጋ አድርጋችኋል።”

ግራ ገባኝ። በዚያ ስም ተከፍተው እንደሆን ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ ቀደሙኝ።

“ቀበሌ መዝገብ ላይ ይኼን ስም ያስጻፍሁት እኔ ነኝ። እናቷ በስምህ አስጽፋት ብላ ለምናኝ ነበር፤ እምቢ አልሁ። ለልጅቱ አትንገሪያት፣ ይከፋታል።”

“ምነው አያ?”

“ሰውየው በሕይወት ቢኖርሳ?” አሉ። “አንድ ቀን ልጄን ብሎ መምጣቱ አይቀርም። በኔ ስም ከተጻፈች በምን ያገኛታል?”

እኔ ያንን ሳጥን የቆለፍኩት መዝገብ እንዳይዝረከረክ ነበር። እሳቸው በዚያው ሳጥን ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው በር ከፍተው ትተውለት ኖረዋል።

ከዚያ ጣታቸውን ቀስ ብለው ወደ ታችኛው መስመር አወረዱት።

“የኔን ግን ምነው ጻፋችሁት?” አሉኝ፣ ከልባቸው ሊያውቁ ፈልገው። “እኔ መች ጠፋሁ?”

“አስቀይሞዎት ከሆነ ላጠፋው እችላለሁ” አልኳቸው።

ስልኩን ከእጄ ቀልጠፍ ብለው ወሰዱትና በሌላው መዳፋቸው ሸፈኑት።

“ኧረ ተይ!” አሉ።